እናቴ እጇን ያሳረፈችበት ቦታ

ላስ ቬጋስ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025

ለእትዬ ጽጌወይን፣

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው እሑድ፣ እናቴ ማይክራፎኑን ከመድረክ መሪው እጅ በተቀበለችበት ቅጽበት ነው።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ማስቀረቴን ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ከርመዋል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? የሕፃናት ቀዶ ሐኪም መሆንዎን ሰምቻለሁና ጌታ እጅዎን ያበርታልኝ።

የራሄል ልጅ ሰሎሜ ነኝ። እናቴና እርስዎ የእኅትማማች ልጆች ናችሁ፤ እኔን ግን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። አዲስ አበባ እኛ ቤት እያደሩ ሕክምና ሲማሩ የሰው ዳሌ አጥንት በላስቲክ ጠቅልለው ያመጡ ነበር። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያጠኑ "በዚህ ቀዳዳ ምን ያልፋል?" እያልኩ የነዘነዝኩዎት ልጅ ነኝ። እማዬ አጥንቱን ከቤት አስወጣችው፤ እርስዎ ደግሞ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ማጥናትዎን ቀጠሉ። ሴት ልጅ እንዲህ ግትር መሆን እንደምትችል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ልጄ ሐሌሉያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሆዷ ይደርቃል። ሐኪሟ ኤምአርአይ አዘዘችላትና ከትልቁ አንጀቷ መጨረሻ በስተኋላ፣ ከጭራ አጥንቷ በስተፊት፣ በተፈጥሮ አብሯት የተወለደ የፈሳሽ ከረጢት ተገኘ። ዶክተር ሬየስ የምትባል የልጆች ቀዶ ሐኪም ለማርች መጀመሪያ ቀጠሮ ሰጠችን።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ የሐሌሉያ ሆድ አበጠ። እማዬና ባለቤቴ ግዛው ቅርብ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰዷት። እማዬ መኪናው ውስጥ እጇን ጭና ስትጸልይ ጠጣር እብጠት ዳሰሰች። ሆስፒታል ገብተው ብዙም ሳይቆዩ እብጠቱ የለም። እሑድ መድረክ ላይ የወጣችው ይህን ልትመሰክር ነው። "ሐኪሞቹ ዕጢ ነው፣ ይቀደዳል ብለው ነበር፤ ጌታ ግን ቢላ ሳያስነካት አወጣው" አለች። ሕዝቡ በሙሉ ቆመ። ልጄም እቅፌ ውስጥ ሆና ሲያጨበጭቡ አይታ አጨበጨበች።

ሰኞ ሆስፒታል ስደውል ቀጠሮው ተሰርዟል አሉኝ። በልጄ ስምና የልደት ቀን ደውላ የሰረዘችው እማዬ ናት። "ጌታ የጨረሰውን ሰው ይደግመዋል እንዴ?" አለችኝ። ግዛው የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ጫማውን እያየ ዝም አለ።

አዲስ ቀጠሮ እያስያዝኩ ነው። ግን ሌላ ጭንቀት አለብኝ። ዶክተር ሬየስ "ከኋላ ገብቼ ላውጣው" ትላለች። ሌላ አስተያየት የጠየቅሁት ዶክተር ኮል ደግሞ በሆዷ በኩል በካሜራ ቢወጣ ጠባሳው ትንሽ ነው ይላል። እኔ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የምነድፍ መሐንዲስ ነኝ፤ ኮንክሪት እንጂ ሥጋ አላውቅም። የትኛው መንገድ ይሻላል? ቤቴ ውስጥ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አክባሪዎ፣
ሰሎሜ ስለሺ


ሐዋሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰሎሜ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደጅሽ ክፉ አይይ፤ የሐሌሉያን ማደግ ያሳይሽ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን።

በስልክ ቁርጥራጭ መልእክት ልከሽልኝ ቢሆን ኖሮ አልመልስልሽም ነበር። ስለ ሰው አካል የሚጠየቅ ነገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። አንቺ በኢሜይል ቢሆንም አሟልተሽ ጻፍሽ፤ እኔም በእጄ ጽፌ ፎቶውን እልክልሻለሁ።

እንዴት አላስታውስሽም? ያን ጊዜ ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር አልመለስኩልሽም፤ አሁን ልመልስልሽ። በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚያልፈው ነርቭ ነው። ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠሩት ነርቮች የሚወጡት በዚያ ነው። የልጅሽ ቀዶ ሕክምና ትልቁ ሥራ ከረጢቱን ማውጣት ብቻ እንዳይመስልሽ። እነሱን ሳይነኩ ማውጣት ነው።

ሁለቱም ሐኪሞች አልተሳሳቱም። መንገዱን የሚመርጠው የከረጢቱ ከፍታ ነው። ከአከርካሪ መጨረሻ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት አምስት አንጓ አለው። የከረጢቱ አናት ከሦስተኛው አንጓ በታች ከሆነ ከኋላ ይገባል። ልጅቱን በሆዷ አስተኝተው ከጭራ አጥንቷ አጠገብ መሐል ለመሐል ይከፍታሉ። እዚያ ላይ የሰው ገላ ግራና ቀኙ የተጋጠመበት መስመር አለ። ነርቮቹ ከሁለቱም ወገን እስከ መስመሩ ይመጣሉ እንጂ አይሻገሩትም። ስለዚህ መስመሩን ሳትለቂ ከሄድሽ ደሙም ትንሽ ነው፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ሐኪሟ ጡንቻውን በጥቂት ኤሌክትሪክ እየነካች፣ ወዴት እንደሚኮማተር እያየች ነው የምትሄደው። ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም፤ መስመሩ በተከፈተልኝ ቁጥር ግን አሁንም እደነቃለሁ። ፈጣሪ ለእኛ ብሎ በር የተወ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ከረጢት ሲወጣ ጭራ አጥንቱም አብሮ ይወጣል፤ ከተተወ ከዚያው ተነሥቶ ሊመለስ ይችላል። ልጅ ያለ ጭራ አጥንት ይቀመጣል፣ ይሮጣል፤ አትፍሪ።

አናቱ ከሦስተኛው አንጓ በላይ ከወጣ ግን ከታች ሆነሽ አትደርሺበትም። ያኔ በሆድ በኩል በካሜራ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱንም መንገድ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። "በመርፌ ልምጠጠው" የሚል ሐኪም ቢመጣ እሺ አትበዪ። ፈሳሹ ይመለሳል፣ ያመረቅዛልም። ከአከርካሪው ውስጥ ካለው፣ ነርቮቹን ከሸፈነው የፈሳሽ ከረጢት ጋር የተገናኘ ከሆነ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። አናቱ የት ጋ እንደሆነ፣ ከአከርካሪው ጋር መገናኘት አለመገናኘቱንም ጠይቀሽ ጻፊልኝ።

ስለ ምስክርነቱ አሁን ምንም አልልም። ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ጽጌወይን


ላስ ቬጋስ፣ ማርች 2 ቀን 2025

ለእትዬ ጽጌወይን፣

ጌታ ዕድሜዎን ከነጤናዎ ይጨምርልኝ። ደብዳቤዎን ሰመርሊን ሰፈር ካለው ቢሮዬ ፊት ለፊት መኪና ፓርክ አድርጌ አነበብኩት፤ ምሳዬንም ረሳሁት። ስለዚህ ነገር ያነበብኩት ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። የእርስዎ ደብዳቤ ግን አንድ የሚሠራ ሥራ አሳየኝ።

መልሱ ይኸው። አናቱ ከሦስተኛው አንጓ በታች ነው። ከአከርካሪው ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ ከኋላ ነው። ለዶክተር ሬየስ ስለ መስመሩ የጻፉትን እየተረጎምኩ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "አክስትሽ የት ነው የምትሠራው?" አለች። "ሐዋሳ" አልኳት። "እዚያ ለልጆች የሚሆን ካሜራ አላቸው?" "አንዱን ለሁሉም የሚጠቀሙበት ይመስለኛል።" "እንግዲያው ከእኔ የተሻለ እጅ አላት" አለችኝ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልዎ።

የተሰረዘው ቀጠሮ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ያገኘሁት ኤፕሪል 9 ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ተቀየረ። መጀመሪያ "ተፈውሳለች፣ አያስፈልግም" ነበር። አሁን "ከፋሲካ በኋላ ይሁን" ሆኗል። በፋሲካው ጉባኤ ሐሌሉያን መድረክ ላይ ሊያወጧት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ሙሴ ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈራችን ድረስ ቤታችን መጣ።

"እኅት ሰሎሜ፣ ሕክምናን አንቃወምም። ጊዜው ነው እንጂ።"

"ፓስተር፣ ባለፈው ዓመት ጥርስዎን ሲያምዎት ለጉባኤ አቆዩት?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ" ብሎ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። እሱ ከሄደ በኋላ "ካሊፎርኒያ ወስዳችሁ አሳክሟት፤ ሰው ሲጠይቅ ዲዝኒላንድ ሄዱ እላለሁ" አለችኝ። ልጄ ተቀድዳ ስትመለስ በሚኪ ማውስ ኮፍያ ልትሸፍናት ነው።

እባክዎ ለእማዬ ይጻፉላት። ከእኔ አትሰማም። ከእርስዎ ግን ትሰማ ይሆናል።

ሰሎሜ


ላስ ቬጋስ፣ ማርች 19 ቀን 2025

ለእትዬ ጽጌወይን፣

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዬ እንደደረሰዎት አውቃለሁ። መልስ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ትናንት እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች "ጽጌወይን ጋ ደውዬ ነበር" አለችኝና ሌላ ቃል አልጨመረችም። መቼ እንደደወለች ስጠይቃት ከንፈሯን መጠጠች።

ከእነሱ ጋር ከሆኑ ይንገሩኝ። ዘመድ ከዘመድ ጋር መቆሙ አይገርመኝም። ዝምታ ግን እዚህ ቤት በቂ አለኝ፤ ከሐዋሳ ተጨምሮ እንዲላክልኝ አልፈልግም።

ሰሎሜ


ሐዋሳ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰሎሜ፣

እንዲህ አድርገሽ ስለተቆጣሽኝ አልተቀየምኩም። ለልጇ የማትቆጣ እናት ከመሆን ይጠብቅሽ።

እናትሽ ደውላልኝ ነበር። "ከኋላ የተቀደደ ልጅ ሽባ ይሆናል ብለሽ ጻፊላት" አለችኝ። "አልጽፍም፣ ሐሰት ነው" አልኳት። "እንግዲያው እኅት የለኝም" ብላ ዘጋችብኝ። ይህን ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። በእናትና በልጅ መካከል መግባት ከቀዶ ሕክምና ይከብዳል።

ከመዝጋቷ በፊት ግን አንድ ነገር ለምኛት ነበር፤ የምስክርነቱን ቪዲዮ እንድትልክልኝ። ገና ሳንጣላ ደስ ብሏት ላከችው። ትናንት ከተረኝነት ስወጣ ተቀምጬ አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። አሁን የምልሽን በደንብ አንብቢ።

እናትሽ ማይኩን በግራ እጇ ይዛ፣ እብጠቱ የነበረበትን ቦታ በቀኝ እጇ በራሷ ሆድ ላይ አሳየች። ከእምብርት በታች፣ መሐል ላይ፣ መዳፏን ክብ አድርጋ አሳረፈችው። "እንደ ብርቱካን" አለች። ሰሎሜ፣ ከአንጀት ጀርባ የተቀመጠ ከረጢት በዚያ ቦታ በእጅ አይዳሰስም። እዚያ ላይ ክብና ጠጣር ሆኖ የሚዳሰስ የሞላ የሽንት ፊኛ ነው። ድንገተኛ ክፍል ቱቦ አስገብተው ሽንቷን አውጥተውላት መሆን አለበት። ለዚህ ነው እብጠቱ የጠፋው። ባልሽን ጠይቂው።

እናትሽ አልዋሸችም። እብጠት ነበረ፤ ጠፋም። የዳሰሰችውን ቦታ በትክክል አሳየችኝ። ከጻፍሽልኝ የምስል ውጤት ሁሉ የእሷ እጅ በልጦ ነገረኝ።

የነገረኝ ነገር ግን ጥሩ አይደለም። ከረጢቱ አድጎ የሽንቱን መንገድ መጫን ጀምሯል ማለት ነው። ፋሲካንም ኤፕሪል 9ንም አትጠብቂ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ለዶክተር ሬየስ ደውዪ፤ አዲስ ኤምአርአይ ይነሣላት።

እግዚአብሔር ይቅደምልሽ።

ጽጌወይን


ላስ ቬጋስ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2025

ለእትዬ ጽጌወይን፣

ሰላምና ምስጋና ከእኔም ከሐሌሉያም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሶፋ ላይ ሆና አሻንጉሊቷን በሆዷ አስተኝታ ጀርባዋ ላይ ፕላስተር ትለጥፋለች።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ግዛውን ከሺፍት ሲገባ በር ላይ ጠበቅሁት።

"ድንገተኛ ክፍል ቱቦ አስገብተውላት ነበር?"

"አዎ። እናትሽ ውጭ ስትጸልይ ነው ያስገቡላት። ሽንት ነው የወጣው። ብዙ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር መስሎኝ ነው።"

"እሑድ እማዬ ስትመሰክርስ?"

"እኔ ኪቦርዱ ላይ ነበርኩ።"

"አዎ፣ ዝማሬውን ያስነሣኸው አንተ ነህ።"

"እጄ ለምዶ ነው" አለኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ራሱ ስልኩን አንሥቶ ለዶክተር ሬየስ ቢሮ ደወለ። ሳልነግረው በራሱ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር ነው።

እኔም ማወቅ ነበረብኝ። ቦይ ሲደፈን ውኃ የሚጠራቀመው ከድፍኑ በላይ ነው። በፓምፕ ቢመጥጡት ውኃው ይጎድላል፤ ድፍኑ ግን እዚያው ነው። ሥራዬ ይህ ሆኖ እያለ በልጄ ላይ ሲሆን አላየሁትም። እርስዎ ከሐዋሳ ሆነው አዩት።

በአዲሱ ኤምአርአይ የከረጢቱ አናት ሦስተኛውን አንጓ አልፏል። ዶክተር ሬየስ ምስሉን ብዙ ጊዜ አየችው። "በማርች መጀመሪያ ቢሆን ከኋላ ብቻ እጨርሰው ነበር። አሁን ብቻዬን አልችልም" አለችና ዶክተር ኮልን ጠራችው። ተከራካሪ መስለውኝ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች አንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለው፣ እሱ ከላይ እሷ ከታች መስመር እየሳሉ ሲመካከሩ አየሁ። ልጄ ከሁለቱም መንገድ የሚያስፈልጋት ነገር ነበራት፤ ማንም ማንንም ማሸነፍ አላስፈለገውም።

ማርች 31 ገባች። መጀመሪያ ዶክተር ኮል በእምብርቷ ዙሪያ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ የከረጢቱን አናት ከአንጀቷና ከደም ሥሮቿ ለየው። ከዚያ በሆዷ አስተኟትና ዶክተር ሬየስ በዚያ እርስዎ በጻፉልኝ መስመር ገባች። "ኮል ያላቀቀውን ጫፍ ከታች ስይዘው፣ በግድግዳ ቀዳዳ አሻግሮ ያቀበለኝ መሰለኝ" አለችኝ። ከረጢቱ ሳይፈነዳ፣ ከጭራ አጥንቷ ጋር፣ ሙሉውን ወጣ። ላብራቶሪው ክፉ ነገር አላገኘበትም። ቱቦው ከወጣላት በኋላ በራሷ ሸናች። ነርሷ፣ ግዛውና እኔ ፖፖው ዙሪያ ቆመን እንደ ሰርግ ቤት ተቃቀፍን።

እማዬም መጥታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ስለ ሁለቱ ሐኪሞች እጅ ስትጸልይ ሰማኋት። ስማቸውን እየጠራች፣ ከልቧ ነበር የምትጸልየው። ቆሜ አደመጥኳት፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውብ ጸሎት አልሰማሁም። በመካከሉ ስልኳ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። "ቤት ነን፣ ልጅቷ ተኝታለች" አለችው።

ሰሎሜ


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰሎሜ፣

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ። ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "በግድግዳ ቀዳዳ አሻግሮ ያቀበለኝ መሰለኝ" የሚለው ጋ ስደርስ ሳሮን የምትባል ተማሪዬ "ይደገም" አለች። ለዶክተር ሬየስና ለዶክተር ኮል ከእኛ ክፍል ሰላምታ አድርሺልን። የካሜራው ቪዲዮ የልጅቱ ማንነት ሳይታወቅበት ሊሰጠን ይችል እንደሆነም ጠይቂልኝ፤ ይህን የምለምነው ለተማሪዎቼ ነው።

ከረጢቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ቼክ የሚደረግበትን ቀጠሮ አንዱንም አትዝለዪ። ሆዷ እንዳይደርቅ ተጠንቀቂ።

በእናትሽ ላይ አትጨክኚ። ፈርታ ነው። በሕዝብ ፊት የተናገረችው ቃል ከእጇ ወጥቶ ትልቅ ሆነባት፤ መመለሻውን አጣች። አልደወለችልኝም። አልቸኩልም።

ጽጌወይን


ላስ ቬጋስ፣ ሜይ 5 ቀን 2025

ለእትዬ ጽጌወይን፣

በያሉበት ሰላም ይሁኑልኝ። ቪዲዮውን ዶክተር ሬየስ ራሷ ትልክልዎታለች። አድራሻዎን ስሰጣት እንደ ትልቅ ሰው ስልክ ቁጥር በጥንቃቄ ጻፈችው።

የፋሲካውን ነገር ልንገርዎ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን "ቤተ ክርስቲያኑ የእኔም ነው" ብዬ ሄድኩ። በኳየር ስዘምርበት የኖርኩበት ቤት ነው። የመድረክ መሪው "የተአምር ልጃችን ሐሌሉያ ወዴት ናት?" ሲል ሕዝቡ ዞሮ አየን። እማዬ እጄን ያዘች። ቀስ አድርጌ አስለቀቅኋትና ልጄን ለእሷ ትቼ ብቻዬን ወጣሁ።

ያልኩት ረጅም አልነበረም። "ልጄ በቀዶ ሕክምና ድናለች። ሁለት ሐኪሞች፣ አንዷ ከታች አንዱ ከላይ ሆነው አወጡላት። ችግሩን ቀድማ ያየችው ሐዋሳ ያለች የእናቴ የአክስት ልጅ ዶክተር ጽጌወይን ናት። እናቴ የዳሰሰችው እብጠት እውነት ነበር፤ የሽንት ፊኛዋ ነበር። የእናቴን እጅ ባናይ ኖሮ እንዘገይ ነበር። ጌታን የማመሰግነው ለእነዚህ ሰዎች እጅና ዓይን ስለሰጣቸው ነው።" ማይኩን መለስኩ። የመድረክ መሪው ወደ ግዛው እያየ ዝማሬ እንዲያስነሣ በጣቱ ጠቆመው። ግዛው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኋላ መስመር ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ "አሜን" አሉ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የእናትሽን ምስክርነት በሕዝብ ፊት አዋርደሻል፣ ይቅርታ እስክትጠይቂ ከኳየሩ ታግደሻል አሉኝ። የእማዬን ምስክርነት ቪዲዮ ከኢንተርኔት አንሡት ስላቸው "ብዙዎች ተባርከውበታል" አለ ፓስተር ሙሴ። የልጄ ስም፣ ፊቷና የታችኛው ሆዷ ወሬ እዚያ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ስትሆን ልታገኘው ነው።

እማዬ ግን ከፋሲካው ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ የካሲኖዎቹን ጎዳና ዘ ስትሪፕን አልፈን ከሄድን በኋላ፣ "የጽጌን ስም መድረክ ላይ ስትጠሪ ሰማሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት። "ደኅና ነች?" አለች። "አንቺው ደውለሽ ጠይቂያት" አልኳት። እስካሁን ካልደወለች ትደውላለች፤ ቁጥርዎን ከስልኬ ላይ ስትገለብጥ አይቻታለሁ። አልጨከንኩባትም። ሐሌሉያን እሷ ናት የምታጥባት፣ ጠባሳዋን እሷ ናት በቅባት የምታሽላት፤ ከእኔ የተሻለ ለስላሳ እጅ አላት።

ነገር ግን ይቅር ማለት አንድ ነገር ነው፤ መቀበል ሌላ። የልጄ ቀጠሮ ላይ ከእኔና ከአባቷ በቀር ማንም ስልክ እንዳይደውል ሆስፒታሉ የምሥጢር ቃል እንዲያስገባ አድርጌያለሁ፤ እናቴም አታውቀውም። ከባሌ ዝምታን አልቀበልም፤ ያየውን በዕለቱ ይነግረኛል። ቪዲዮው እስኪወርድ ድረስ በየሳምንቱ እጽፍላቸዋለሁ፤ ካላወረዱት በሕግ እጠይቃለሁ። የልጄ ገላ ለማንም ጉባኤ ማሞቂያ እንዲሆን አልፈቅድም። ልጄን ስላሳከምኩ እምነቴን የሚመዝን ሰው ፊት ደግሜ ለመመዘን አልቆምም። ሽማግሌዎቹ ይቅርታዬን እየጠበቁ ነው። ለሰማይ አምላክ የምጠይቀው ብዙ ይቅርታ አለኝ፤ ልጄን በሕይወት በማቆየቴ ግን ለማንም ይቅርታ አልጠይቅም።

ሰሎሜ ስለሺ